ሰርክአዲስ የት ትጻፍ

ቀበሌዋ ቀጭን ወይራ ባንዲራ ሊሰጠው ነው የሚለውን ወሬ ባንችይርጋ የሰማችው ከላሊበላ ገበያ ስትመለስ ነው። ባቄላዋን ሸጣ፣ ጨውና ሳሙናዋን ይዛ ከጎረቤቶቿ ጋር ዳገቱን ስትወጣ አንዲት ሴት አነሳችው። ዘንድሮ በወሊድ አንዲትም እናት ያልሞተችበት ቀበሌ ተብሎ፣ ለሰኔ ማርያም ነጭ ባንዲራ ከወረዳ ይመጣል፤ ከወንዙ ማዶ ላለው ለጠበል ሜዳም እንዲሁ ይሰጠዋል አለች። ሴቶቹን ደስ አላቸው። ወዲያው ግን አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና ጨዋታው እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ባንችይርጋ ሸክሟን አስተካክላ ከፊት ከፊት ሄደች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ምን እንዳሰበች አላጡትም። ልጇ ሰርክአዲስ የሞተችው ባለፈው ጥር ነው። የሞተችው የመጀመሪያ ልጇን በወለደችበት ቀን ነው። የሞተችውም እዚሁ ቀጭን ወይራ፣ እናቷ ቤት፣ እናቷ እጅ ላይ ነው።

ባንችይርጋ ኩሩ ሴት ናት። ይህን የምላችሁ ለሐሜት አይደለም። ባሏ ከሞተባት ጀምሮ በማንም ደጅ ቆማ አታውቅም። መሬቷን ለእኩል ሰጥታ፣ አረሙን ራሷ አርማ፣ አጨዳውን ራሷ አጭዳ ሰርክአዲስን እስከ አሥረኛ ክፍል አስተማረቻት። ስትድራትም ከጠበል ሜዳ ደህና ቤት ለተወለደ፣ እንዳለው ለሚባል ሰው ዳረቻት። በአገራችን የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እርጉዟ ቀኗ ሲቃረብ ትመጣለች፤ እናቷ ገንፎውን ታገነፋላታለች፣ ወገቧን ታሽላታለች፤ ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ሲያበቃ በወግ ተሸኝታ ወደ ባሏ ትመለሳለች። ሰርክአዲስም እንደ ወጉ መጣች። እንደ ወጉ ግን አልተመለሰችም። የተወለደችው ሕፃን ተርፋለች፤ ጽጌማርያም አሏት፤ እሷም ባንችይርጋ ጀርባ ላይ አድጋ አሁን ጥርስ ለማብቀል ድዷን ታክካለች።

ሰኞ ማለዳ ባንችይርጋ ሕፃኗን አዝላ ወደ ጤና ኬላው ሄደች። እዚያ የምትሠራው ሰብሌ የወገል ጤና ከተማ ልጅ ናት፤ እዚህ አገር ከገባች ግን ሰነባብታለች፤ የማንን ቤት ማን እንደሚያስተዳድር፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ ሳይቀር ታውቃለች። የክትባት ሣጥኗን ስታጥብ አገኘቻት።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች ባንችይርጋ ቆማ። "የእኔ ሰርክአዲስ ሞታለች ወይስ አልሞተችም?"

ሰብሌ እጇን በነጭ ጋዋኗ ጠረገች። "እትዬ ባንችይርጋ፣ ይቀመጡ" አለች።

ተቀምጠው ነገሩን ከሥሩ ሲያዩት፣ ማንም አልዋሸም። ያን ጊዜ ሰብሌ ለሥልጠና ወደ ከተማ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሰምታ ጠየቀች፤ የቀጭን ወይራ ሽማግሌዎች ልጅቱ የጠበል ሜዳ ሚስት ናት፣ የተቀበረችውም እዚያ ነው፣ እዚያ ጠይቂ አሏት። እሷም ለጠበል ሜዳዋ ባልደረባዋ ላከችባት። ባልደረባዋ የእንዳለውን አባት ጠየቀች፤ እሳቸው ደግሞ ምራቴ ከእኔ ቤት በደህና ወጥታ ነው የሄደች፣ የሆነው እዚያ ነው የሆነ፣ እዚያ ይጠየቅ አሉ። ሰብሌ ባልደረባዬ ጽፋታለች ብላ አመነች፤ ባልደረባዋም ሰብሌ ጽፋታለች ብላ አመነች። እንዲህ እየተባለ ሰርክአዲስ ከሁለቱ ቀበሌ መካከል፣ ወንዙ ውስጥ ቀረች።

ሰብሌ ጥፋቱን ወደ ሌላ አላዞረችውም። አሁንም ጊዜው አላለፈም፣ እንጽፋታለን አለች። ከዚያ ግን መጻፍ ማለት ምን እንደሆነ አስረዳቻት። "ሞተች ብለን ብቻ አይደለም የምንጽፈው፣ እትዬ። ለምን ሞተች የሚለውን ነው። ምጡ መቼ ያዛት፣ ደሙ መቼ ጀመረ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ ያለ ነበረ ወይ፣ ምን አዘገየ። ከየቀበሌው የተጻፈው ባንድ ላይ ሲታይ ነው እናቶች የሚያልቁት መንገዱ የቱ ጋ እንደሆነ የሚታወቀው። መኪናው የት ይቁም፣ አዋላጅ የት ይመደብ የሚባለው በዚያ ነው። ያልተጻፈች እናት ግን እንዳልሞተች ናት፤ የሞተችበትም ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።"

ባንችይርጋ ሁሉንም ሰማች። አንዱ ቃል ግን ልቧ ላይ ተቀመጠ፤ ምን አዘገየ የሚለው። ምን እንዳዘገየ ታውቃለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ሕመምተኛ የሚሸከመው ቅሬ ነው። ቅሬ ሞት ሲደርስ የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና፣ ሕመም ሲጠና ደግሞ ቃሬዛ አንሥቶ እስከ መኪና መንገድ የሚያደርስ የአገር ማኅበር ነው። ቃሬዛው አንድ ነው፤ ሕመምተኛም ሬሳም የሚነሳው በእሱ ነው። ስለዚህ ሰው የሚነሳው በገዛ ቅሬው ትከሻ ነው። ያገባች ሴት ደግሞ ቅሬዋ የባሏ ነው። የባሏ ወገን ሳይመጣ እሷን ቃሬዛ ላይ ማውጣት በቁሟ እንደመቅበር ይቆጠራል፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ይህን ማንም በክፋት አላመጣውም። ለክብር ብለው ያቆሙት ወግ ነው። የቀጭን ወይራ የቅሬ ዳኛ፣ ማኅበሩን የሚመራው፣ ደግሞ ደግሰው ነው፤ የባንችይርጋ ታላቅ ወንድም።

ከጤና ኬላው እንደወጣች ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ደግሰው ደጅ ሄደች። ደግሰው ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። ሰላምታ ሰጥታው፣ የሰማችውንና ያሰበችውን ሁሉ ነገረችው። መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

"ተጽፋ ትነሳለች?" አለ።

"አትነሳም።"

"ታዲያ ምን ይሠራልሻል? ወረዳ ለቅሶ ሊደርስሽ ነው?"

"ለቅሶ የደረሰኝ አገሬ ነው፣ ጋሼ። ያው አገሬ አሁን እናት አልሞተብኝም ብሎ ባንዲራ ሊሰቅል ነው። እኔ ጽጌማርያምን አዝዬ በዚያ ባንዲራ ሥር ልለፍ?"

ሰርክአዲስን በክረምት ወንዙ ሲሞላ በትከሻው እያሻገረ ትምህርት ቤት ያደረሳት ደግሰው ነው፤ ለእሷ ያለውን ፍቅር ማንም አይጠራጠርም። ቢሆንም ሞፈሩን ጠረብ እያደረገ የሆዱን ተናገረ። አባታቸው የቅሬ ዳኛ ሳሉ ይህንኑ ወግ ጠብቀው እንዳለፉ፣ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ወጉን አፍርሶ ሁለቱ አገር ስንት ዘመን እሳት እንዳልተጫጫሩ አስታወሳት። እኔ ምን ላድርግ ነበር አላት። አሁን ይህ ነገር ወረቀት ላይ ከወጣ በአገር ፊት ይነበባል፤ ደግሰው የእህቱን ልጅ ቆሞ አስገደለ ይባላል አላት።

"ቢሉዎት መልስ የምሰጥ እኔ ነኝ" አለች ባንችይርጋ።

"አስባዩ ማን ሆነና።"

ባንችይርጋ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ሳልነግርዎ አልናገርም ብዬ ነው የመጣሁ። ነግሬዎታለሁ" አለችና ተነሣች። ደግሰው ደህና ዋይ አላላትም። ሞፈሩን አገላብጦ ሌላውን ጎን መጥረብ ጀመረ። ወንድምና እህት ከተወለዱ እንደዚያ ተለያይተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ባንችይርጋ እንዴት እንደገፋችው እሷ ታውቃለች። ሁለት ነገር ነበር የሚያስጨንቃት። አንደኛው ወንድሟ ነው። ሁለተኛውን ለማንም አልተናገረችውም፤ ልጇ ስትጻፍ ባንችይርጋ ቤት ሞተች ተብላ ልትጻፍ ነው። ሰው ሁሉ የሚያከብረው ቤቷ፣ ገንፎ ልታበላ ልጇን ጠርታ ሬሳ ያስወጣች እናት ቤት ሊባል ነው። አንዳንዱን ቀን ነገሩ ይቅርብኝ ትልና፣ ጽጌማርያም ከጀርባዋ ላይ ጠጉሯን ስትጎትታት ሐሳቧን ትመልሳለች።

ሰብሌ ከጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ይዛ መጣች። አዋላጇ ልባም ሴት ናት፤ ጫማዋን ከደጅ አውልቃ ገባች፤ መደቡ ላይ ተቀምጣም መጀመሪያ ነፍስ ይማር አለች። ከዚያ ጠየቀች። ባንችይርጋም ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች።

ሰብሌ ሰርክአዲስን በጊዜ ጤና ጣቢያው ደጅ ካለው የእናቶች ማቆያ ሄደሽ ቆዪ ብላት እንደነበር፣ እሷ ግን እናቴ ዘንድ ሰንብቼ እሄዳለሁ እንዳለች፣ ምጡ ከቀኑ ቀድሞ እንደያዛት አልደበቀችም። ፀሐይ ገና ወጥታ ቤተ ክርስቲያኑን ስትነካ ሕፃኗ መጣች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ማርያም ማረችሽ አሏት፤ ሰርክአዲስም ስቃለች። የእንግዴ ልጁ ግን አልወርድም አለ። ደሙም ጀመረ። መጀመሪያ የሚያስደነግጥ አልመሰለም። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ነው የፈሰሰ። ሴቶቹ ሆዷን አሹ፣ ማርያምን ተማጸኑ፣ ከዚያ ወንዶቹ ተጠሩ።

ወንዶቹ አልዘገዩም፤ ይህን ጻፊልኝ አለች ባንችይርጋ። ቃሬዛው ወዲያው መጣ። ብርድ ልብስ ተነጠፈበት። ጎረምሶቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አንድ ሰው ወደ ጠበል ሜዳ ወረደ፤ የባሏን ሰዎች ሊጠራ። ስልክ ከዚያ ገደል ውስጥ አይሠራም፤ ቢሠራም ወጉ የሚለው ይምጡ ነው እንጂ ይስሙ አይደለም። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ቆየ። ጥላው ከደጁ ሸሸ። ከጎረምሶቹ አንዱ እየሄደ የቃሬዛውን እንጨት ይይዝና ይለቅቀዋል፤ መልሶ ይይዘዋል፤ ይለቅቀዋል። ሰርክአዲስ ፊቷ እየነጣ፣ እማ ለምን አንሄድም አለቻት።

"እየመጡ ነው አልኋት" አለች ባንችይርጋ። "እኔም እንደሌላው ነኝ። አንሡልኝ አላልሁም። እየመጡ ነው ነው ያልሁ።"

መጡም። የጠበል ሜዳ ሰዎች ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ዳገቱን በሩጫ መጡ። ያኔ ግን ቃሬዛው የተነሣው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ ማዶው ቤተ ክርስቲያን ነው።

አዋላጇ ብዕሯን አስቀመጠች። ባንችይርጋም፣ ማን ነው ጠብቁ ያለ ብለሽ አልጠየቅሽኝም አለቻት።

"አልጠይቅዎትም" አለች ሴትዮዋ። "የእርስዎም፣ የልጅዎም፣ የማንም ስም አይጻፍም። የሚጻፈው ምክንያቱ ነው። የምንቀጣውን ሰው ሳይሆን የምናስተካክለውን ነገር ነው የምንፈልገው።"

ባንችይርጋ እፎይ አለች። አዋላጇ ከሄደች በኋላ ግን ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱ ስም ባይጠራ፣ በቀጭን ወይራ የቅሬ ዳኛው ማን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?

የሰኔ ማርያም ዕለት ቅዳሴው ሲያበቃ ሁለቱም ቀበሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራዎቹ ሥር ተሰበሰበ። ሰማዩ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ጠቁሯል፤ ዝናቡ ሳይመጣ ይለቅ ተብሎ ሁሉም ጥድፊያ ላይ ነው። የወረዳው ሰው ሁለቱን ባንዲራ አጣጥፎ በላስቲክ ከረጢት ይዟል። ከመስጠቱ በፊት ግን አዋላጇ ተነሥታ፣ በዚህ ዓመት ከሁለቱ ቀበሌ መካከል አንዲት እናት እንደሞተች ተናገረች። ምክንያቱንም አነበበች፦ የእንግዴ ልጅ መቅረት፤ ደም መፍሰስ፤ ቃሬዛው ተዘጋጅቶ ሳለ የባል ወገን ቅሬ እስኪመጣ መጠበቅ።

ሰዉ አቀረቀረ። ማንም ወደ ደግሰው ላለማየት ሲል ሁሉም መሬት መሬት አየ። ደግሰው ግን ተነሣ። ብዙው ሰው ሊከራከር ነው ብሎ ጠበቀ። ባንችይርጋም እንደዚያው ነው ያሰበች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

"ስም አልተጻፈም አሉ" አለ ደግሰው። "ደግ ነው፤ የሥራችሁ ሕግ ነው። እኔ ግን ስም አለኝ። ደግሰው እባላለሁ። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ፣ ጎረምሳው ወገቡን ታጥቆ ሳለ የባሏ ሰዎች ይምጡ ያልሁ እኔ ነኝ። በትከሻዬ ያሳደግኋት የእህቴ ልጅ ናት። ዛሬ ቢሆን አነሳታለሁ። ያኔ አላነሳኋትም።"

ሌላ አልጨመረም። አልተቀመጠምም። ባንችይርጋ ፊቷ ላይ የነበረውን ነጠላ አወረደች። አንገቷ ሳታዘው ቀና አለ። ወንድሟን እንደዚያ ቀን አድርጋ ኮርታበት አታውቅም፤ ሹመቱን የተረከበ ዕለት እንኳ።

ከማዶዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተክለው ተነሡ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ የእንዳለው አባት፣ የጠበል ሜዳ የቅሬ ዳኛ። "ደግሰው፣ ተቀመጥ" አሉ። "ብቻህን አትቁም። ያን ቀን አንሥተሃት ኖሮ ቢሆን የምቀየምህ እኔ ነበርሁ። ሳይነግሩኝ ምራቴን አነሡ ብዬ ሰላምታህን አልቀበልም ነበር። አንተ የጠበቅኸው እኔን ነው። እኩሌታው የእኔ ነው።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ ከዛሬ ጀምሮ ምጥ የያዛት ሴት ቅሬዋ የሚቀርባት ትከሻ ነው አሉ። ትነሳ፤ ወሬው በኋላ ይደርሳል። ጎረምሶቹ ድምፃቸውን አውጥተው ይሁን አሉ። የደብሩ ካህን መምሬ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን አንሥተው ነገሩን በግዝት አሰሩት፤ ዞር ብሎ የሚያፈርሰው እንዳይኖር።

የወረዳው ሰው በዚህ መካከል ከረጢቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያገላብጥ ነበር። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንዲት እናት የምትጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የት ትጻፍ ብሎ ጠየቀ። የተጻፈችበት ቀበሌ ባንዲራውን ያጣል፤ ሌላው ይወስዳል። ከዚህ ቀደም በየሄደበት እንዲህ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ሲቀስር ነው ያየው። እዚህ የገጠመው ሌላ ነው።

"እኛ ዘንድ ትጻፍ" አሉ አቶ ሀብተ ሥላሴ። "የተዳረችው እኛ ዘንድ፣ አፈሯም እኛ ዘንድ።"

"የወለደችውም ያረፈችውም እኛ ዘንድ ነው" አለ ደግሰው። "የእኛ ናት።"

ጎረምሶቹም ገቡበት። ሚስታችን ናት አሉ ማዶዎቹ፤ ልጃችን ናት አሉ እነዚህ። ጭቅጭቁ እየጋለ ሲሄድ ከሴቶቹ በኩል ይማርሽ የምትባል ምላሰኛ፣ እንግዲያ ባንዲራውን መሐል ለመሐል ቅደዱና ለነጠላ ጥለት ስጡን አለች፤ ሳቅ ሆነ። የወረዳው ሰው ሳይቀር ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ሁሉም ዞሮ ባንችይርጋን አያት። እናትየዋ ትናገር ተባለ።

ባንችይርጋ ጽጌማርያምን እንዳዘለች ተነሣች። ያን ሁሉ ቀን የፈራችው ነገር ከፊቷ ቆሟል። ቤቴ በክፉ ይነሳብኛል ብላ ነበር። አሁን ወንድሟ ቆሞ የእሱን ፍርሃት አልፎታል፤ ሽማግሌው የእሳቸውን አልፈውታል፤ የቀረችው እሷ ናት።

"ሰርክአዲስ እኔ ዘንድ የመጣችው እናቷን ብላ ነው" አለች። "ይህችን ልጅ የወለደችው በእኔ መደብ ላይ ነው። ያረፈችውም እዚያው ነው። ቤቴን አላፍርበትም። ቀጭን ወይራ፣ በእናቷ ቤት፣ ብላችሁ ጻፉልኝ።"

እንደዚያው ተጻፈች። አቶ ሀብተ ሥላሴም ጠበል ሜዳ ዘንድሮ ባንዲራ አይሰቅልም አሉ፤ የእኛዋ ሞታ እኛ ምን ሆነን ነው የምንሰቅል አሉ። የወረዳው ሰው ሁለቱንም ባንዲራ እንደያዘ ተመለሰ፤ ዝናቡም መንገድ ላይ አገኘው። ደግሰው እህቱን እስከ ደጇ ሸኛት። ብዙም አልተነጋገሩም። ደጇ ላይ ሲደርሱ ሕፃኗን ከጀርባዋ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አወጣት፤ ጽጌማርያምም ጆሮውን ይዛ አለቅም አለች።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ አጨዳ ሲደርስ፣ ማሚቱ የምትባል የቀጭን ወይራ ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ መጣች። ባሏ የጠበል ሜዳ ሰው ነው። ማቆያው ልትገባ ልብሷን ቋጥራ ሳለች ምጡ ቀደማት። ወለደች፤ የእንግዴ ልጁ ግን ቀረ፤ ደሙም አልቆም አለ። ሰብሌ ደርሳ መርፌ ወጋቻት፤ አሁኑኑ ትነሳ አለች። ቃሬዛው ግድግዳ አልነካም። ደግሰው ማጭዱን ከማሳው ጥሎ መጥቶ የፊተኛውን እንጨት ራሱ ያዘ። ባንችይርጋ የማሚቱን እጅ ይዛ ከጎን ከጎን ሮጠች። እንሄዳለን፣ እየሄድን ነው ትላት ነበር። መኪናው ከሚቆምበት መንገድ ደረሱ፤ ሰብሌ አብራት ገብታ ሄዱ።

ወንዶቹ መንገድ ዳር ተዘርግተው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ቆሎ አወጣ። ደግሰው ትከሻውን እያሸ ድንገት ቀና አለ። "ለመሆኑ ጠበል ሜዳ ማን ሄደ?" አለ።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ አንተ የላክህ መስሎኝ አለ፤ ያኛው እኔማ ቃሬዛው ላይ ነበርሁ አለ። ማንም አልሄደም። አገር ሙሉ ለማሚቱ ሲሮጥ፣ ለባሏ ወገን መንገርን የሚያህል ነገር አንድም ሰው ትዝ አላለውም። ሳቃቸው መጣ፤ ደግሰውም እጁ ላይ ያለው ቆሎ እስኪፈስ ድረስ ሳቀ።

"እኔ እሄዳለሁ" አለች ባንችይርጋ።

"ጉልበትሽ የማዶውን ዳገት ይወጣዋል?" አላት ደግሰው።

"የእርስዎ ትከሻ ያን ከቻለ፣ የእኔ ጉልበት ምን ሆኖ።"

ነጠላዋን አጥብቃ ሄደች። ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ላይ ስትደርስ ስልኳ ጠራ። ሰብሌ ናት። ማሚቱ ጤና ጣቢያ ገብታለች፤ የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ደሙም ቆሟል፤ ውሃ ጠጥታ ልጄን አምጡልኝ እያለች ነው አለቻት። ባንችይርጋ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወንዙን ወርዳ፣ የማዶውን ዳገት ቀስ እያለች ወጣች።

አቶ ሀብተ ሥላሴ አውድማቸውን ሲያስተካክሉ አገኘቻቸው። ሰላምታ ተሰጣጡ፤ እሳቸውም ፊቷን አይተው ሰዉ ደህና ነው ወይ አሏት። ማሚቱ ወልዳለች፣ ደም በዝቶባት ወደ ጤና ጣቢያ ወስደናታል፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው አለቻቸው።

ሽማግሌው መንሻቸውን ተደግፈው አዩዋት። ከከንፈራቸው ዳር ሳቅ ቢጤ አለ።

"ሳትነግሩን አነሣችኋት?" አሉ።

"ሳንነግራችሁ" አለች ባንችይርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።